«ቁረጥ!» ከተባለ በኋላ

ጥቅምት 6

ውድ ልቃቂቴ፣

በደህና መግባትሽን ሰምቼ እፎይ አልኩ። የስፌት መኪናዬን የአውቶቡስ ጣራ ላይ አላስጭንም ብለሽ ቀኑን ሙሉ ጭንሽ ላይ አቅፈሽው መሄድሽን ሳነብ ግን ትንሽ ቅር አለኝ። ረዳቱን አላመንሽውም፤ እኔን ግን ከነቤቱ አምነሽ ጥለሽኝ ሄድሽ። ከሁለታችን ማን የበለጠ ዕቃ እንደሚሰብር ታውቂ የለ?

እውነቱን ንገረኝ ስላልሽ እንግዲህ እውነቱ ይኸው። እየበላሁ ነው። የምበላው እንቁላል ነው። ጠዋትም እንቁላል፣ ማታም እንቁላል። ባለሱቋ ትናንት ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ልታስፈለፍል ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሁለተኛው እውነት የሱሪዬ ነው። ቡናማው ሱሪዬ ከኋላ በኩል ተተረተረ። መሳቢያሽን ከፍቼ መርፌና ክር አወጣሁ፤ ግን ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ማስገባት ለካ እንዲህ ሰው የሚያስለቅስ ሥራ ኖሯል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊልም ስቆርጥና ሳጣብቅ የምውል ሰው ነኝ። ምን አለበት ብዬ በፊልም ማጣበቂያ ግጥም አድርጌ አጣበቅኩትና ወደ ሥራ ሄድኩ። ጨርቅ ላይ ቶሎ እንደማይደርቅ ማን ነገረኝ? ልነሳ ስል ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ሳቅ እንኳ ሳይል «ወንበሩ የቢሮው ነው፤ ይዘኸው መውጣት አትችልም» አለኝ። ተቀምጬ ቀረሁ። ሁሉም እስኪወጣ ጠብቄ እንዴት ወደ ቤት እንደገባሁ አትጠይቂኝ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ለጊዜው እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። እናንተ እዚያ የምትቀርጹት ፊልም ሁሉ ለእጥበት ባሕር ማዶ ስለሚላክ፣ ተጠራቅሞ በአንድ ሣጥን እስኪመለስ ድረስ የምቆርጠው የለኝም። የጥጥ ጓንቶቼን አጥቤ ሰቅያለሁ። ቁራጮቹን የማንጠለጥልባቸውን ምስማሮችም ወልውያለሁ። ምስማር የሚወለውል ባል አለሽ።

ደግሞ ስፒል አፍሽ ውስጥ አትያዢ። ስንቴ ነገርኩሽ? ቤት ውስጥ ባናገርኩሽ ቁጥር በስፒሎቹ መሃል «እም፣ እም» እያልሽ ነው የምትመልሽልኝ። አንድ ቀን አንዱን ትውጪውና ታያለሽ።

አንቺ ባወጣሽልኝ ስም፣
አባ ቁምነገር


ጥቅምት 17

አባ ቁምነገር፣

እንደምን ነህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ወንዝ ዳር፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የሱሪውን ነገር አንብቤ የሆንኩትን በአካል ካልሆነ ላሳይህ አልችልም። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ለአንድ ሁለት ሰው ነግሬያለሁ። ሱሪውን ግን አትጣለው። ስመለስ እሰፋዋለሁ።

ክፍሉ ይስማማሽ ይሆን ላልከው፣ ይስማማኛል። መስኮቱ ወደ ግቢው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከጠረጴዛዬ ላይ ፀሐይ አይጠፋም። የልብሶቹን ማንጠልጠያ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማታ ስተኛ የአያቶቻችን ዘመን ሰዎች በሙሉ በሩ ላይ ተሰልፈው ቆመው ነው የማድረው።

ታሪኩን ስትጠይቀኝ ቆይተሃል። ያው ፍቅርና ቅናት ነው። አንድ ሀብታም ነጋዴ ሚስቱን ቤታቸው ከተከራየው ሰዓት ሠሪ ጋር ይጠረጥራታል። ምንም ሳያይ ይጠረጥራታል፤ ከዚያ የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል። በመጨረሻ ሴትየዋ በጀልባ ወንዙን ተሻግራ ስትሄድ እሱ ዳር ላይ ቆሞ ይቀራል። ጋሼ ዳይሬክተሩ ወንዙ ሳይጎድል ብሎ ከመጨረሻው ነው የጀመረው፤ ስለዚህ እኛ ተለያይተን ጨርሰናል፣ መጋባቱ ገና ወደፊት ነው።

ነጋዴውን የሚጫወተውን ሰው «ሙሽራው» እንለዋለን፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያለብሰውና ሲያወልቅለት ነው የሚውለው። በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ስፒል ግን ይፈራል። ካባውን ላስተካክል ስጠጋው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ይይዛል። እኔም ዛሬ አልወጋህም፣ ነገ ነው እያልኩ አስጨንቀዋለሁ።

ምግቡ ተስማምቶኛል። የሰማያዊ ቀሚሴን ወገብ ለቀቅ አድርጌዋለሁ።

አንድ የምነግርህ ነገር አለ። በደብዳቤ አይሆንም። ትንሽ ይቆይ፤ ከቆየ በኋላ ደግሞ በአካል ይሁን። አሁን ምንድን ነው ብለህ ሦስት ገጽ እንዳትጽፍልኝ፤ አልነግርህም።

ያንተው፣
ልቃቂት


ኅዳር 25

እንደምን አለህ?

ስለዘገየሁብህ ይቅርታ። ሁሉም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ለምን ዝም አልሽ ብለህ መጨነቅህ ልክ ነው፤ አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ። ሐኪም አይቶኛል። መምጣት አያስፈልግም።

ያን እነግርሃለሁ ያልኩህን ነገር ተወው። አልፏል። ምን ነበር አትበለኝ፤ እባክህ።

ሥራው አለ። ወንዙን ትተን አሮጌው ቤት ውስጥ ገብተናል፤ ቀዝቃዛ ቤት ነው። የሠርጉን ልብስ ገና አሁን እየሰፋሁ ነው። ግራጫውን ብርድ ልብስ ላክልኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ቅር አይበልህ።

ልቃቂት


ጥር 12

ለባለቤቴ፣

ብርድ ልብሱ ስለደረሰሽ ደስ ብሎኛል። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ጤናዬ ደህና ነው። ደብዳቤህ ለምን አጠረ ላልሽው ደግሞ፣ ያንቺም ካጠረ ሰንብቷል።

ሣጥኑ መጥቷል። እስካሁን የቀረጻችሁት ሁሉ አንድ ላይ ነው የመጣው። ጥቅሎቹን በትዕይንት ቁጥራቸው ደርድሬ ሥራ ጀምሬያለሁ።

ምን አየህበት ብለሽ ጠይቀሽኛል። እሺ፣ ያየሁትን ልንገርሽ። ጋሼ ዳይሬክተሩ «ቁረጥ!» ካለ በኋላ ካሜራው እስኪቆም ድረስ የምትቀር ትንሽ ቁራጭ አለች። እኛ ጭራ እንላታለን። ድምፅ የላትም፤ ተቆርጣ የምትጣል ናት። በየጭራው አንቺ አለሽ። ካሜራው ሳይጠፋ ልብሱን ልታስተካክዪ ትገቢያለሽ። እኔ ደግሞ ናፍቀሽኝ ነበርና አልጣልኳቸውም። በየትዕይንታቸው ምስማር ላይ አንጠለጠልኳቸው፤ በኋላ አጣብቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየኋቸው። ባላየኋቸው ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሠርጉ ነው። የሰውየውን አንገትጌ ታስተካክያለሽ፤ ስፒሎችሽ አፍሽ ውስጥ ናቸው። እሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይልሻል፤ አንቺ ቀና ብለሽ አታይውም። ዓይንሽን መሬት ተክለሻል። እኔን ስታገኚኝ የመጀመሪያ ሰሞን እንደዚያ ነበርሽ። መሃል ላይ የእልፍኙ ትዕይንት አለ፤ እዚያ ግንባርሽን ደረቱ ላይ ጥለሽዋል፣ እጁ ወገብሽን ይዟል። ሰው ሁሉ ባለበት! ሌላ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ምስሉ ያልቃል። የመጨረሻው ወንዙ ዳር ነው። አጠገቡ ቆመሽ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፍሽ አወጣሽ፤ ልብስሽ ላይ ሰካሻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ነገርሽው፤ ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ ጥለሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ።

እንደዚያ ስትስቂ መጨረሻ ያየሁሽ መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። እኔን ስንት ዓመት በስፒል መሃል «እም» እያልሽ ነው ያነጋገርሽኝ፤ ለእሱ ግን ከአፍሽ አወጣሽለት። ቂል ነህ በይኝ፤ ከደረቱ ይልቅ ያቺ ናት የገደለችኝ።

የምነግርህ አለ ብለሽ ነበር፤ ቀጥሎ አልፏል አልሽ። ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ያለፈም አይመስለኝም።

ጭራዎቹን አሮጌ ፊልም በኪሎ ለሚገዛው አንጥረኛ ከረጢት ውስጥ ጥያቸዋለሁ። ፊልሙን አጥቦ ከላዩ ላይ ብር ያወጣበታል። ቢያንስ ለአንድ ሰው ይጠቅሙ።

ሥራሽ ሲያልቅ ወዴት እንደምትሄጂ አንቺው ታውቂያለሽ።

ባልሽ


ጥር 23

አባ ቁምነገር፣

በዚህ ስም መጥራቴን ማቆም ነበረብኝ፤ እጄ ለምዶብኝ ነው። ደብዳቤህን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ልመልስልህ የተቀመጥኩት ልለምንህ አይደለም። ያላየኸውን ልነግርህ ነው።

በመጀመሪያ ደርድረህ ያየኸው ልክ አይደለም። አንተ የደረደርከው እንደ ታሪኩ ነው። እኛ ግን እንደ ታሪኩ አልኖርነውም። መጨረሻውን ነው መጀመሪያ የቀረጽነው፤ በጥቅምቱ ደብዳቤዬ ጽፌልህ ነበር። የሠርጉን ልብስ በኅዳር እየሰፋሁ ነው ብዬህም ነበር። አንተ ግን ያነበብከው የራስህን ጥርጣሬ ነው። በምሽት ሲኒማ ይዘኸኝ ስትወጣ «ፊልም ቀረጻ ላይ ትናንትና ነገ የሚባል ነገር የለም» እያልክ የምታስረዳኝ አንተ አልነበርክም እንዴ? ፊልም ቆራጩ ሰውዬ በገዛ ሚስትህ ላይ ሲሆን ሙያህ ጠፋህ?

እስቲ እኔ ልደርድርልህ።

መጀመሪያ ወንዙ ነው። ጥቅምት ነው፣ ደብዳቤህ በዚያው ጠዋት ደርሶኛል። ሙሽራው ስፒል ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል፤ ፍርሃቱን ላስረሳው ብዬ ስለ ሱሪህ ልነግረው ፈለግሁ። ስፒል በአፍ ይዞ አንተን ማማት ስለማይመች አወጣኋቸው። «አባ ቁምነገር ሱሪውን በማጣበቂያ ሰፋው» ነው ያልኩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ስደርስ መጨረስ አቃተኝ። በአንተ ነው የሳቅሁት። እንዲያውም ናፍቀኸኝ ነው እንደዚያ የሳቅሁት።

ያን ቀን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

የደበቅሁህ እሱን ነው። ለምን እንደደበቅሁህ ታውቀዋለህ። ያኔ የመጀመሪያውን እርግዝና ገና ሳይጠና ለሰው ሁሉ ነገርን፤ አንተም አልጋ ሠራህለት። ከዚያ ግቢው ውስጥ ተቀምጠህ የአልጋውን ምስማር አንድ በአንድ ስትነቅል በመስኮት ሳይህ፣ ሁለተኛ ይሄን ሰውዬ እንዲህ አላደርገውም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ስለዚህ እስኪጠና ልጠብቅ አልኩ። መጥቼ ቀሚሴን አሳይቼህ፣ ወገቡ ለምን ሰፋ እስክትለኝ ልጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው እልፍኙ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ነው። የካባውን ጫፍ ልይዝ ጎንበስ ስል ሆዴን ቆረጠኝ። ቀና ስል ዓይኔ ጨለመ። ሙሽራው ነው የያዘኝ፤ ባይይዘኝ ከነስፒሎቼ ወለሉ ላይ ነበርኩ። አቅፎ መኪና ውስጥ ያስገባኝም እሱ ነው። አንተ ያየኸው ይሄን ነው። ምስሉ ያለቀው ካሜራማኑ ካሜራውን አጥፍቶ ወደ እኔ ስለሮጠ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ማንን እንደጠራሁ ሙሽራውን ብትጠይቀው ይነግርሃል። ከሳምንት በኋላ ተነስቼ ወደ ሥራ ስመለስ ካባው እንደዚያው ተሰቅሎ ጠበቀኝ። የልብሱ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ማንም አልነካውም። እድፉን እኔው ነኝ በገዛ እጄ ያጠብኩት።

ሦስተኛው ሠርጉ ነው። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ ያለኝ «እህቴ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?» ነው። በየቀኑ እንደዚያ ይለኝ ነበር። ቀና ብዬ ካየሁት አለቅሳለሁ፣ የሠርጉን ልብስ አበላሻለሁ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። አንተ ደግሞ እፍረት መሰለህ። ልክ ነህ፣ አንተን ስተዋወቅ እንደዚያ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ግን አዝኜ አልነበረም።

ለምን አልነገርሽኝም ብትለኝ መልስ አለኝ፣ ግን ጥሩ መልስ አይደለም። የእኔን ሐዘን ከቻልኩት ያንተን ደግሞ በደብዳቤ መስማት አልችልም ብዬ ነው። ይሄ ጥፋቴ ነው፤ አልክድም። ያንተ ጥፋት ግን ከዚህ ይበልጣል። እኔ የደበቅሁህ እንዳታዝን ነው፤ አንተ ያሰብከው ግን ለምን እንደሳቅሁ ሳትጠይቅ ነው።

ጭራዎቹን ጥያቸዋለሁ ብለሃል። የእልፍኙን አንጥረኛው ይጠበው፤ ለእኔ መገላገል ነው። የወንዟን ግን አንድ ነገር ልንገርህና ይቆጭህ። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ሦስታችንም አለን። እኔ ቆሜያለሁ፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ ነው፣ አንተ አፌ ላይ ነህ። ከዚያ ሌላ ሦስታችን አብረን የሆንንበት ምስል የለንም፤ አይኖረንምም።

ሥራው ማክሰኞ ያልቃል። የምሄደው ወደ ታላቋ እህቴ ወደ እትዬ ነው። እዚያ ትመጣለህ ብዬ አልጠብቅም፤ እንድትመጣም አልፈልግም።

ልቃቂት


የካቲት 3

ልቃቂቴ፣

ይሄን ደብዳቤ ሳትቀድጂው ታነቢዋለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ ልጽፈው ነበር፤ እዚያ ብጽፈው የሰላምታ ያህል ቀላል ሊመስልሽ ነው ብዬ ተውኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለ ልጃችን አሁን መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱ ተበላሸብኝ። አልጋውን እንዴት እንደነቀልኩት ያየ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። አሁን ደግሞ አንቺ ብቻሽን ያንን ካባ ስታጥቢ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው፤ ሥራ ላይም ቁጭ ብዬ፣ መንገድም እየሄድኩ።

ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ አንጥረኛው ሮጥኩ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ከረጢቱን ከወሰደ በኋላ አላደረም። የታጠበውን ፊልም አወጣና ሰጠኝ። ውሃ የመሰለ ነው፣ ጥርት ብሎ፣ ምንም የለበትም። ወደ ብርሃን አነሳሁት፤ የታየኝ የሱቁ መስኮት ብቻ ነው። ቅጂ ቢኖራቸው ብዬ ባሕር ማዶ ላለው የፊልም ማጠቢያ ቤት ቴሌግራም መታሁ። ጭራ ጭራውን እኛ አናስቀምጥም አሉኝ።

ግን ስሚኝማ። የወንዟ እዚያ ውስጥ አልነበረችም።

ሳያት እንድኖር ብዬ ሳልቆርጣት የቀረሁ ብሆን ደስ ባለኝ፤ እንደዚያ አይደለም፣ አልዋሽሽም። ጋሼ ዳይሬክተሩ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ምስሉ ቀስ እያለ እንዲጨልም ስለሚፈልግ፣ እስኪጨልም ድረስ ትርፍ ፊልም ያስፈልጋል። ስለዚህ የእሷን ጭራ ከዋናው ምስል አልለየኋትም ነበር። ያየኋት ከነዋናው አጣብቄ ነው። ንዴት ላይ ሆኜ የተንጠለጠሉትን ሁሉ ጠራርጌ ከረጢት ውስጥ ስጨምር እሷ ጠረጴዛው ላይ ባለው ጥቅል ውስጥ ነበረች።

አወጣኋትና መነጽሬን ወልውዬ አየኋት። ዝግ አድርጌ፣ በእጄ እያዞርኩ። ስፒሎቹን ታወጫለሽ። ከንፈርሽ ይገጥማል፣ ይከፈታል፤ ያቺ «አባ» ናት። ሞጥሞጥ ይልና እንደገና ይገጥማል፤ ያቺ «ቁም» ናት። ስሜ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ላይ ተቀምጦ ስንት ጊዜ አየሁት መሰለሽ! ያየሁት ግን ሁልጊዜ ሳቁን ብቻ ነበር፤ ከንፈርሽ ላይ ያለሁት ራሴ እንደሆንኩ ማየት አቃተኝ።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። ሙሽራውን በሥራዬ ተበቅዬዋለሁ። አምስት ስድስቴ ከተቀረጸ ትዕይንት ውስጥ እሱ የሚያምርበትን እየተውኩ፣ አፉን ከፍቶ የቆመበትን፣ ሊያስነጥስ ሲል ፊቱ የተኮማተረበትን እየመረጥኩ ነበር የማስገባው። ጋሼ ዳይሬክተሩ መጥቶ አየና «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎህ ነው?» አለኝ። ሁሉንም ፈትቼ እንደገና እየሠራሁ ነው። ምንም ሳያይ የሚቀና ባል ለሦስት ሳምንት እየቆረጥኩ፣ ከጠረጴዛው በዚህ በኩል ማን እንደተቀመጠ ልብ አላልኩም። ለሙሽራው ምስጋና ጽፌለታለሁ። ምን ብዬ እንደጀመርኩት እንኳን አላውቅም።

የወንዟን ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ ላስቀምጥልሽ እችላለሁ። ሌላም አስቤያለሁ። የሚጨልምበትን ቦታ ትንሽ ላዘገየው ነው። ሰውየው ዳር ላይ ይቆማል፤ አንቺ ከጎን ትገቢያለሽ፣ ስሜን ጠርተሽ ልትስቂ ስትጀምሪ ይጨልማል። የዓይን ጥቅሻ ያህል ናት። ጋሼ ዳይሬክተሩን እኔ እችለዋለሁ። ሰው ስህተት ነው ይላል፤ ይበል። የእኔ ስም በፊልሙ ላይ ከተጻፈ፣ ስህተቱም የእኔ ነው።

ነይ አልልሽም። ወዴት እንደምትሄጂ አንቺው ታውቂያለሽ ያልኩሽ ሰውዬ ነኝና አሁን ነይ ለማለት አፍ የለኝም። ቤቱ ግን አለ። ለእትዬ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አባ ቁምነገር፣ ስሙ ባይገባውም


የካቲት 15

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ይቅርታ ጠይቀኸኛል፤ ገና አልወሰንኩም። ቂም ይዤ አይደለም። ተኝቼ ስነሳ አንዳንድ ቀን ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አላልኩህም፤ ሁለቱም እኔ ነኝ። እስኪረጋልኝ ድረስ እዚህ እቆያለሁ። እትዬ ሱቋ ውስጥ ጥግ ሰጥታኛለች፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የአያቶቻችንን ዘመን ካባ ከሰፋሁ በኋላ ቁምጣ መስፋት እረፍት ነው።

እትዬ ሰላም ብላሃለች። እውነቱን ልንገርህ፣ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ሱሪውን ላክልኝ።


ሰኔ 10

አባ ቁምነገር፣

እንደምን ከረምክ? ደብዳቤዎችህን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ያልመለስኩትን ሁሉ ዛሬ መለስኩ በለው። አዎ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። አዎ፣ እበላለሁ። ስለ ልጁ በመጨረሻ የጻፍከውን እትዬ ፊት አንብቤ አለቀስኩ፤ እሷም «ይሄ ሰውዬ እንዲህ የሚጽፍ ከሆነ መጀመሪያ ምን ነካው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስምህ ሲነሳ ፊቷን አታዞርም።

ፊልሙ እዚህ ደረሰ። ቅዳሜ የከሰዓቱን ትርዒት ከእትዬ ጋር ገባን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽራው ሲያምር! እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም፤ አጠገባችን ያለች ሴትዮ በስሙ ትምል ጀመር። ሳቅኩ፤ ማን እንዳሳመረው እኔ ነኝ የማውቀው። ሠርጉ ሲመጣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። እልፍኙ ሲመጣ እትዬ እጄን ያዘችኝ። ነጋዴው ዕቃ እየሰበረ ሚስቱን «አይቻለሁ! በዓይኔ አይቻለሁ!» ሲል ከኋላ አንድ ሰው «ምን አየህ፣ አንተ ቂል!» ብሎ ጮኸ። ይቺን ቃል ለባሌ አስቀምጥልኝ ብዬ ልለምነው ነበር።

መጨረሻው መጣ። ጀልባው ሄደ። ሰውየው ዳር ላይ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፣ እዚህም እዚያም ንፍጥ ይሳባል። ጋሼ ዳይሬክተሩን እንዴት እንዳሳመንከው የጻፍክልኝን አላመንኩህም ነበርና፣ የለሁም ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ያን ጊዜ ከጎን ገባሁ። በዚያ በሰማያዊ ቀሚሴ፣ ወገቡ ለቀቅ ባለው። ስፒሎቼን አወጣሁ። ስምህን ጠራሁ። ጨለመ።

ሳቅ ፈነዳ። ያለቅስ የነበረው ሁሉ መሳቅ ጀመረ፤ ፉጨትም ነበር። ያች ሴትዮ ማናት፣ ከየት መጣች ይላሉ። እትዬ ግን አልሳቀችም፤ ዞር ብላ ወገቤን አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ከኋላችን ያ የጮኸው ሰውዬ «ይሄን ፊልም የቆረጠው ማነው? ተኝቶ ነበር እንዴ?» አለ።

እኔ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። መብራቱ በርቷል፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ መጋረጃው ላይ ያዩትን ያንኑ ቀሚስ ለብሻለሁ። ዞርኩና «ባሌ ነው የቆረጠው፤ አልተኛም» አልኩት።

እንግዲህ ይሄን በአደባባይ ከተናገርኩ በኋላ እትዬ ቤት ምን እሠራለሁ? ሱሪህን ሰፍቼዋለሁ፤ ማጣበቂያው አልለቅ ብሎኝ ውስጡን ቆርጬ በሌላ ጨርቅ ደርቤዋለሁ፣ በደንብ ካዩት ይታወቃል። ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ። የስፌት መኪናዬን ጭኜ ላይ አልይዝም፤ ለረዳቱ እሰጠዋለሁ። መናኸሪያ ስደርስ ግን አንተ ተቀበለኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።

ልቃቂት